«የበጋ ሌሊት ፈገግታ» (1955)፦ ኮሜዲ ነው ብላችሁ አሳያችሁኝ፣ አልሳቅኩም

ሰኔ_30 ጻፈ፦

ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ሳምንት «ጥሩ የድሮ ኮሜዲ ጠቁሙኝ» ብዬ ነበር። ሦስት ሰው ተባብሮ የኢንግማር በርግማንን «የበጋ ሌሊት ፈገግታ» እይ አለኝ። የስዊድን ፊልም፣ ጥቁርና ነጭ፣ 108 ደቂቃ። እሺ ብዬ ቅዳሜ ማታ ሻይ አፍልቼ ተቀመጥኩ።

ወገኖቼ፣ የቱ ጋ ነው የሚሳቀው?

ላላየው ሰው ታሪኩን ላውራ። ፍሬድሪክ ኤገርማን የተከበረ ጠበቃ ነው፣ ጎልማሳ። የ19 ዓመቷን አኔን አግብቷል። ከተጋቡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ግን እስካሁን እንደ ባልና ሚስት አብረው አላደሩም። ከፊተኛው ትዳሩ የወለደው ሄንሪክ የሃይማኖት ትምህርት ተማሪ ነው። ሉተርን ያነባል፣ በጎን የእንጀራ እናቱን ያፈቅራል። ጠበቃው ደግሞ በእንቅልፍ ልቡ የድሮ ወዳጁን የተዋናይቷን የዴሲሬን ስም ይጠራል፣ ሚስቱ አጠገቡ ተኝታ ትሰማለች። ዴሲሬ በበኩሏ ካውንት ማልኮልም የሚባል (ካውንት የመኳንንት ማዕረግ ነው) ባለትዳር መኮንን ወዳጅ አላት። ከዚያ ሁሉም ዴሲሬ እናት ርስት ላይ ተጠርተው ይሰበሰባሉ። መጨረሻ ላይ ልጅ የአባቱን ሚስት ይዞ ይጠፋል።

ይሄ እኛ ሰፈር ቢሆን ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ የንስሐ አባት ይጠራል። ማን ይስቃል?

ቀበና_ልጅ ጻፈ፦

አልጋው ግድግዳ ከፍቶ ሲመጣም አልሳቅክም? በል ሐኪም ይይህ።

ሰኔ_30 ጻፈ፦

አልጋው ጋ ፈገግ ብያለሁ፣ አልዋሽም። ግን ልጁ እኮ ያኔ ራሱን ሊሰቅል ነው! በምን ልቤ ልሳቅ?

ድንክዬ_ካሜራ ጻፈ፦

ሰኔ፣ ችግሩን ራስህ አገኘኸው እኮ።

ያቺን ቦታ መልሰህ እያት። ሄንሪክ ዓለም አስጠልቶታል። ገመዱን አሰረ። ገመዱ ከዳው፣ ወደቀ፣ ሲንገዳገድ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ነካ። የመጫወቻ ሣጥን የመሰለ ሙዚቃ ጀመረ። ግድግዳው ተከፈተ። አኔ የተኛችበት አልጋ ከጎረቤት ክፍል እንደ ባቡር ቀስ እያለ እግሩ ሥር መጥቶ ቆመ። ያን መሣሪያ ድሮ አንድ ንጉሥ ለራሱ የውሽምነት ጉዳይ እንዳሠራው ቀደም ሲል ተነግሮናል። የንጉሥ ብልግና የአንድ ምስኪን ተማሪ ነፍስ አተረፈ ማለት ነው። ከዚህ በላይ ቀልድ ከየት ይምጣ?

በርግማን ሳቁን የሚያስቀምጠው ሕመሙ ካለበት ወንበር ላይ ነው። ሳቅ ብቻ ፈልገህ ከተቀመጥክ ያልፍሃል።

ሰኔ_30 ጻፈ፦

«ሰባተኛው ማኅተም» ላይ ከሞት ጋር ቼዝ የሚጫወት ባላባት የሠራ ሰውዬ ቀልድ ይችላል ብዬ ስላልጠበቅኩም ይሆናል።

ቲያትር_ቤት ጻፈ፦

መድረክ ላይ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝና ስለ አንድ ትዕይንት ብቻ ላውራ። ስለ ሌሊት ልብሱ።

ፍሬድሪክ ከቲያትር በኋላ ዴሲሬን ሊያይ ይሄዳል። ባርኔጣ፣ ካፖርት፣ የተከረከመ ጺም፣ ሙሉ ጠበቃ። በመንገድ ላይ ውኃ የቋጠረ ጉድጓድ ውስጥ ዘጭ ይላል። ቤት ሲገቡ ልብሱ ይወልቃል፣ የሚለብሰው የለም። ዴሲሬ ረጅም የሌሊት ቀሚስና የሌሊት ቆብ ታወጣለታለች። የማን ነው? የካውንቱ። ያን ጊዜ በሩ ይንኳኳል። ማን መጣ? ካውንቱ! ዩኒፎርሙን ግጥም አድርጎ፣ ጀርባው እንደ ሰንደቅ ቀጥ ብሎ።

አሁን ጠበቃውን የሚጫወተውን የጉናር ቢዮርንስትራንድን ፊት እዩ። የሰው የሌሊት ልብስ ለብሶ፣ የሰው ቆብ አናቱ ላይ ደፍቶ፣ ባለቤቱ ፊት ቆሞ፣ ፊቱ ግን ፍርድ ቤት የቆመ ነው። አንዲት ጡንቻ አይስትም። ልምድ የሌለው ተዋናይ እዚህ ጋ ዓይኑን ያንከባልላል፣ ይንተባተባል፣ ተመልካቹን «ሳቅልኝ» ብሎ ይለምናል። ይህ ሰውዬ ክብሩን አልለቅም ይላል። የሚያስቀውም አለመልቀቁ ነው። በመጨረሻ በዚያው የሌሊት ልብስ ወደ ውጭ ይባረራል።

ተማሪዎቼን «ቂል ለመጫወት ብልህ ሁኑ» እላቸው ነበር። ይህን ትዕይንት ባሳያቸው ኖሮ ግማሽ ሴሚስተር ይተርፈኝ ነበር።

ጠበቃው ጻፈ፦

የሙያ ባልደረባዬን በዚህ መልኩ በአደባባይ ማዋረዳችሁ አግባብ አይደለም። ይግባኝ እጠይቃለሁ።

ቀበና_ልጅ ጻፈ፦

ይግባኙ በሌሊት ልብስ ነው የሚቀርበው?

ቲያትር_ቤት ጻፈ፦

ሃሃሃ። አንድ ነገር ልጨምርና ዝም እላለሁ። የካውንቱ የነብር ነገር።

ያርል ኩሌ ካውንቱን ሲጫወት መጀመሪያ ላይ ለሚስቱ እንዲህ ይላታል፦ ሚስቴን ቢነኩብኝ እችለዋለሁ፤ ውሽማዬን የነካ ግን ነብር እሆንበታለሁ። ፊልሙ ይሄዳል ይሄዳል፣ ሚስቱ ከጠበቃው ጋር ድንኳን ቤቱ ውስጥ መሆኗን ይሰማል። ያው ሰው፣ ያው ድምፅ፦ ውሽማዬን ቢነኩብኝ እችለዋለሁ፤ ሚስቴን የነካ ግን ነብር እሆንበታለሁ!

ሁለት ቃል ቦታ ቀየረ፣ ሌላ ምንም የለም። ሰውዬው መለወጡን ራሱ አያውቅም። ደግሞ ለአማርኛ እንዴት እንደተመቸ ልብ በሉ፤ ነብሩንም ውሽማውንም እኛ ቤት ቁጭ ብሎ የጻፋቸው ይመስላል። የእንግሊዝኛው የግርጌ ጽሑፍ «ውሽማ»ን ምን ሊያደርጋት ነው? ደረቅ ቃል ይሆንባታል።

ሚጥሚጣ ጻፈ፦

ወንዶቹን ብቻ እያወራችሁ ነው፣ ይገርማል። ፊልሙን የሚነዱት ሴቶቹ ናቸው እኮ።

ያን ግብዣ ማን አቀደው? ዴሲሬ። ካውንቱን ለሚስቱ መልሳ፣ ጠበቃውን ለራሷ ለመውሰድ ከካውንቱ ሚስት ከሻርሎት ጋር ማን ተማከረ? እሷው። ዴሲሬን የምትጫወተው ኤቫ ዳልቤክ ስትራመድ እዩዋት፣ ቤቱ ሁሉ የሷ ነው የሚመስለው። ወንዶቹ ደረታቸውን ነፍተው ይዞራሉ፣ ክሩ ያለው ግን ሴቶቹ እጅ ነው።

ሰኔ፣ አንተ አልሳቅኩም ያልክ፣ ሻርሎትን አስታውስ። የምትጫወታት ማርጊት ካርልክቪስት ናት። አኔ ጋ መጥታ ስለ ወንዶች የምትናገረው አለ። እንደ አውሬ ናቸው፣ ቂሎች ናቸው፣ ሰውነታቸው ሁሉ ፀጉር ነው እያለች ትቀጥላለች። ስትጀምር ቅኔ የምትዘርፍ ነው የምትመስለው፣ እኔ ከት ብዬ ስቄያለሁ። ከዚያ ድምፅዋ ሳይሰበር ፊቷ ይሰበራል። ባሏን እንደምትጠላው ስትናገር እንደምትወደው ይገባሃል። ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። አንዲት ሴት በአንድ ትንፋሽ ሁለቱንም አድርጋ ሄደች።

የማልወደውም አለ። አኔ አሻንጉሊት ሆና ነው የተጻፈችው፣ ከሁሉ ያነሰ ሐሳብ የተሰጣት እሷ ናት። የተጫወተቻት ኡላ ያኮብሰን ከዚያ በላይ ትችል ነበር።

የስቶክሆልም_አክስት ጻፈ፦

እንደምን አመሻችሁ ልጆቼ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው፣ ዛሬ ግን አላስቻለኝም።

እኔ እዚህ ስቶክሆልም የአረጋውያን ቤት ነው የምሠራው። ያለፈው ሚድሶማር (የሰኔ በዓላቸው ነው) ዋዜማ ተረኛ ነበርኩ። ልጅ ያለው ልጁ ወስዶት፣ ቤቱ ጭር ብሏል። ከ90 ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት እንቅልፍ እምቢ አላቸው። ምን ልክፈትልዎ ስላቸው ይህን ፊልም አሉኝ። «ባሪማን» ነው የሚሉት እዚህ፣ በርግማን ብትሉ አይገባቸውም።

እኔም እንደ ሰኔ አልሳቅኩም። እሳቸው ግን የሳቁባትን ቦታ ልንገራችሁ። የዴሲሬ እናት፣ አሮጊቷ፣ አልጋቸው ላይ ሆነው ካርታ ይጫወታሉ። የምትጫወታቸው ናይማ ቪፍስትራንድ ናት። ይህን የሚያህል ርስት እንዴት አገኙት ሲባሉ፣ ትዝታዬን አልጽፍም ብዬ ቃል ስለገባሁ ነው የተሰጠኝ ይላሉ። የኔዋ እናት እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «እኔም ቃል ብገባ ኖሮ» አሉኝና ዝም አሉ። አልጠየቅኳቸውም።

ሌላ ያስተማሩኝ አለ። ስዊድኖች ዛሬ ሁሉንም «ዱ» ነው የሚሉት፣ አንተ አንቺ ማለት ነው። ሐኪሙንም፣ አለቃውንም። ይሄ የመጣው ግን በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ሰውን በማዕረጉ ነበር የሚጠሩት፣ «ጠበቃው ይቀመጡ»፣ «ካውንቱ ምን ይላሉ» ዓይነት። እዚያ ሌሊት ልብስ ትዕይንት ላይ ሁለቱ ወንዶች እየተናከሱ በአንቱታ ነው። አስቡት እስቲ፣ አማርኛ ላይ «ቀሚሴን ለብሰዋል፣ ያውልቁልኝ» ብሎ እንደ መጣላት። እሳቸው ሲያስረዱኝ ነው የሳቅኩት፣ ፊልሙ ካለቀ በኋላ፣ ፊካ ላይ፣ ቡናችንን እየጠጣን።

ቲያትር_ቤት ጻፈ፦

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄ አንቱታ ጉዳይ ብዙ ነገር ፈታልኝ። የግርጌ ጽሑፉ ይህን ሁሉ በልቶታል። በአማርኛ ቢተረጎም ግን ምንም አይጠፋም ነበር፣ እኛ አንቱም አንተም አሁንም አሉን።

ሰኔ_30 ጻፈ፦

አክስቴ፣ እናትዬዋ እስከ መጨረሻው አዩት?

የስቶክሆልም_አክስት ጻፈ፦

አዩት። ፈረስ አሽከሩ ፍሪድ ስለ ሦስቱ ፈገግታዎች ሲናገር ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የበጋ ሌሊት ሦስት ጊዜ ፈገግ ትላለች ይላል አይደል። የመጀመሪያው ለወጣት አፍቃሪዎች ነው። ሁለተኛው ለቂላቂሎች፣ ለማይታረሙት። ሦስተኛው ለአዘኑት፣ እንቅልፍ ላጡት፣ ለጠፉት፣ ለፈሩት፣ ለብቸኞች።

መጋረጃውን ክፈቺልኝ አሉኝ። ከለሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር በእኛ አቆጣጠር። ፀሐይ እየወጣች ነው። እዚህ በሰኔ ፀሐይ ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ትገባና ሳይጨልም ተመልሳ ትመጣለች። ሰማዩ ጨርሶ አይጠቁርም፣ ወተት የነካው ውኃ ይመስላል። የፊልሙ ብርሃን ያ ነው። መብራት ያበሩበት አይምሰላችሁ።

ድንክዬ_ካሜራ ጻፈ፦

እትዬ፣ መብራትም አብርተዋል (ይቅርታዎን)፣ ግን የተሠራው እርስዎ ያሉትን ብርሃን ለመምሰል ነው። ካሜራው የጉናር ፊሸር ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ «ሰባተኛው ማኅተም»ን እና «የዱር እንጆሪ»ን የቀረጸ ሰው። ልጅየውና አኔ በሠረገላ ሲጠፉ ዛፎቹን አስታውሱ። ጠርዛቸው ይታያል፣ ጥላቸው ግን ደብዛዛ ነው። የአኔ ነጭ ሻሽ ከራሷ ላይ ወልቆ መሬት ሲወድቅ ብቻዋን ታበራለች። ፍሬድሪክ ጨለማው ውስጥ ቆሞ ያያል። አንድ ቃል አይናገርም። ጠበቃ ሆኖ!

ጠበቃው ጻፈ፦

ያችን ቦታ ሳያት ቀልዴን አቆምኩ።

ሙሴ_ዘጉለሌ ጻፈ፦

በመሃል ይቅርታ። «የበጋ ሌሊት» የሚለው ትርጉም ልክ ነው? ወሩ ሰኔ ነው። ሰኔ እኛ ጋ ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ «የክረምት ዕረፍት» አይደል የምንለው?

ሚጥሚጣ ጻፈ፦

«የክረምት ሌሊት ፈገግታ» ብትለው ሰው ጃንጥላና ጭቃ ነው የሚታየው። ማን ፈገግ ይላል በክረምት ሌሊት? ጣሪያ የሚያፈስበት?

ሙሴ_ዘጉለሌ ጻፈ፦

«በጋ» ብትለውም ጥርና የካቲት ነው የሚመጣብኝ። አቧራ።

የስቶክሆልም_አክስት ጻፈ፦

እኛ እዚህ «ሶማር» ብለን ተገላገልን ልጆቼ። በአማርኛ እያወራን «ሶማር ላይ እንገናኝ» ነው። የአገሩን ወቅት በአገሩ ስም።

ድንክዬ_ካሜራ ጻፈ፦

«በጋ» ይሁንልኝ እኔ፣ ብርሃኑ አለበት።

አሁን ደግሞ ሰኔ «ሞትና ቼዝ የሠራ ሰው» ስላለው። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ይህ ኮሜዲ ባይሠራ ኖሮ ቼዙም ላይሠራ ይችል ነበር።

በርግማን በዚያ ጊዜ ሆዱን ታሞ ክብደቱ 57 ኪሎ ወርዶ ነበር። በግል ሕይወቱም ነገር ተበላሽቶበታል። በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኖ ነው ይህን የመሰለ ወርቃማ ፊልም የጻፈው። በ1955 ክረምት (በበጋ ልበል?) ቀረጹት፣ በዚያው ዓመት ገና ማግሥት ታየ። በ1956 ለካን ፌስቲቫል ተላከ፣ እሱ ግን አልሄደም። ራሱ እንደሚያወራው መጸዳጃ ቤት ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ አንድ የስዊድን ፊልም ካን ላይ መሸለሙን ያያል። የቱ ፊልም ይሆን ብሎ ሲያነብ የራሱ ነው።

የሽልማቱ ስም ደግሞ ራሱ ቀልድ ነው፦ ለግጥማዊ ቀልድ። ዳኞቹ ምን እንደሚሉት ጠፍቷቸው የፈጠሩለት ይመስላል። በዚያው ዓመት ለህንዱ ሳትያጂት ሬይ የመጀመሪያ ፊልም «ምርጥ የሰው ልጅ ሰነድ» የሚል ሰጥተዋል። ዋናውን ሽልማት የወሰደው የዣክ ኩስቶ የባሕር ውስጥ ዘጋቢ ፊልም ነው።

በርግማን ዕድሉን አላሳለፈም። የ«ሰባተኛው ማኅተም» ጽሑፍ ከዚያ በፊት የሚሠራለት የፊልም ድርጅት እምቢ ያለው ነበር። ጽሑፉን ይዞ የድርጅቱ ኃላፊ ካርል አንደርስ ዲምሊንግ ወዳለበት ወደ ካን በረረ። በሽልማቱ ሙቀት ላይ ማን እምቢ ይላል? ባላባቱ ከሞት ጋር የተቀመጠው ካውንቱ በሌሊት ልብስ ምክንያት ስለተቆጣ ነው።

እንዲያውም እዚያ ከባላባቱ ጋር የሚጓዘው አፈኛው ጋሻ ጃግሬ ማን ነው? ያው ጠበቃችን፣ ቢዮርንስትራንድ። ቀጥቃጩስ? የፈረስ አሽከሩ ፍሪድ፣ ኦኬ ፍሪዴል።

ሰኔ_30 ጻፈ፦

ይሄን ማን ያውቃል! እሺ፣ እንደገና ላየው ነው።

ቀበና_ልጅ ጻፈ፦

የሩሲያ ሩሌቱ ጋ ተዘጋጅ፣ ጠበቃውና ካውንቱ አንድ ጥይት ባለው ሽጉጥ ዕድላቸውን የሚሞክሩበት። ጥይቱ ጥቀርሻ መሆኑን ረስተኸዋል።

ሙሴ_ዘጉለሌ ጻፈ፦

አበላሸህበት!

ሰኔ_30 ጻፈ፦

አይቼዋለሁ እኮ አንዴ፣ ችግር የለም።

ድንክዬ_ካሜራ ጻፈ፦

እግረ መንገድ፣ በሆድ መሳቅ የሚፈልግ ሰው ከበርግማን በፊት የነበሩትን የ1930ዎቹን የስዊድን ኮሜዲዎች ይፈልግ። «ፒልስነር ፊልም» ነው የሚሏቸው፣ ገጸ ባሕርያቱ ቢራቸውን ይዘው ስለሚያወካኩ። ሃያሲ ሁሉ ተጠይፏቸዋል። በ1937 ስቶክሆልም ኮንሰርት አዳራሽ ሰው ተሰብስቦ የስዊድን ፊልም ባህል ነው ወይስ ለባህል አደጋ ነው ብሎ እስከ መከራከር ደርሷል። ሕዝቡ ግን ትኬቱን እየቆረጠ ይስቅ ነበር። የእኛን የፊልም ክርክር ያየ ሰው አይገርመውም።

ጠበቃው ጻፈ፦

በአሜሪካም ኖሯል ታሪኩ። ስቲቨን ሶንድሃይም በ1973 ብሮድዌይ ላይ የሙዚቃ ቲያትር አድርጎታል። ያች «ቀልደኞቹን አስገቧቸው» የምትል ታዋቂ ዘፈን ከዚያ ነው የወጣችው፣ የምትዘፍናትም ዴሲሬ ናት። ዘፈኗን ለዓመታት ሳውቃት ከሌሊት ልብስ ጋር ዝምድና እንዳላት አላውቅም ነበር።

ሰኔ_30 ጻፈ (ከሦስት ቀን በኋላ)፦

ሪፖርት። ደግሜ አየሁት። በዚህኛው ብቻዬን አይደለሁም፣ የቤት ጓደኛዬን ይዤ።

ሌሊት ልብሱ ጋ ጓደኛዬ ሳቀ፣ እኔ አንቱታውን እያሰብኩ ከእሱ በላይ ሳቅኩ። ነብሩ መጀመሪያ ሲመጣ ለጓደኛዬ «ያዛት ይቺን» አልኩት። ሁለተኛው ነብር ሲመጣ ሁለታችንም ሻያችንን አፈሰስን። ሻርሎት ጋ ሚጥሚጣ እንዳለችው ሆንኩ። ሩሌቱ ጋ ደግሞ አንድ ያላየሁት አየሁ። ፍሬድሪክ ሽጉጡን ወደ ራሱ ሲያዞር እውነት መሞት የፈለገ ይመስላል። ሚስቱም ልጁም ሄደውበታል። ተኮሰ፣ ፊቱ በጥቀርሻ ጠቆረ፣ ሞትም ሳይፈልገው ቀረ። ካውንቱ ይስቃል። ዴሲሬ ፊቱን ትጠርግለታለች። እኔ የት ጋ እንደምሳቅ ሳላውቅ ሳቅኩ።

ቀበና_ልጅ ጻፈ፦

አልጋውስ?

ሰኔ_30 ጻፈ፦

አልጋው ጋ የአባትየው ነገር መጣብኝና ዝም አልኩ። ጓደኛዬ ግን ከሶፋው ወደቀ።

ቀጣዩን ጠቁሙኝ በቃ። ያው ሁለቱ ካሉበት ደስ ይለኛል፣ ቢዮርንስትራንድና ዳልቤክ።

ድንክዬ_ካሜራ ጻፈ፦

ሁለት አሉልህ። የ1954ቱ «የፍቅር ትምህርት»፣ ባልና ሚስት ሆነው ወደ ኮፐንሃገን በሚሄድ ባቡር ላይ። ከሱ በፊት ግን የ1952ቱን «ሴቶች ሲጠብቁ» እይ፣ የመጨረሻዋን ታሪክ። ጥሩ ልብስ ለብሰው ከግብዣ ሲመለሱ ሊፍት ውስጥ ተዘግቶባቸው ያድራሉ። ሌላ ሰው የለም፣ ሁለቱና ሣጥኑ። የበርግማን ቀልድ የተወለደው እዚያ ሊፍት ውስጥ ነው ባይ ነኝ።

ቀበና_ልጅ ጻፈ፦

መብራት ሄዶ ነው?